የጄምስ ብሩስ ካርታ በማስተማሪያነቱ ሲመረመር

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. በኤዲንብራ ካሳተመው ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ ጋር የወጣው ካርታ፣ ጎንደርን፣ የጣናን ሐይቅና የዓባይን ምንጭ ለውጭ አንባቢ ካስተዋወቁት ሥራዎች አንዱ ነው። ካርታው ለታሪክና ለጂኦግራፊ ትምህርት መርጃ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚያሳየውና የማያሳየው አስቀድሞ ሊለይ ይገባል።

በበጎ ጎኑ ሲታይ ሥራው በልኬት የተደገፈ ነው። ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው የከዋክብትን ከፍታ መለኪያ መሣሪያ ይዞ ሲሆን፣ ከተማይቱን በ12 ዲግሪ ተኩል ኬክሮስ ግድም ማስቀመጡ ከዛሬው ልኬት ጋር ይስማማል። በዚያው ዓመት አንበሳሜ በምትገኝበት በደራ በኩል እስከ አላታ ድልድይና እስከ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ ኋላም እስከ ግሽ ዓባይ ተጉዟል። ስለዚህ የአንበሳሜና የወረታ ተማሪ በየዕለቱ የሚያየውን አገር ከካርታው ጋር ለማስተያየት ዕድል አለው።

ዋናው ጉድለት ሌላ ነው። ጎንደር የነገሥታት መናገሻ ብቻ ሳትሆን የሊቃውንት ከተማም ነበረች። ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለአቋቋምና ለመጻሕፍት ትርጓሜ ወደ ጎንደር፣ አኮፋዳውን አንግቶ የሚጓዘው የቆሎ ተማሪ መንገድ በካርታው ላይ የለም። ይህን ካርታ ብቻ ያየ ሕፃን፣ አገሩ ወንዝና ተራራ እንጂ የትምህርት ጉባኤ ያልነበራት ይመስለዋል።

ይሁንና ብሩስ የዚሁ ትምህርት ፍሬ ተጠቃሚ ነበር። ይዟቸው ከወጣው የብራና መጻሕፍት መካከል የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ይገኙ ነበር፤ አንዱ ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተሰጥቶ፣ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞታል። ብራናው በዩኒቨርሲቲ ከተማ የክብር ቦታ ሲያገኝ፣ ብራናውን ጠብቆ ያቆየው ጉባኤ ቤት ግን ከካርታው ውጭ ቀርቷል።

እንግዲህ ካርታው ከክፍል መወገድም፣ ሳይታረም መሰቀልም የለበትም። እጩ መምህራን በስስ ወረቀት ይገልብጡት፤ በየአካባቢያቸው የሚገኙትን የኔታዎች ጠይቀውም የጉባኤ ቤቶቹን ስምና የተማሪውን መንገድ ያስገቡበት። ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም፤ አንድ የኔታ ባረፉ ቁጥር በቃል ብቻ የኖረ አንድ መንገድ አብሮ ይጠፋልና።