ለተወሰደ መሬት ካሳ አለ፤ ለታገደውስ?
(ስለ ካሳ ሕጋችንና ስለ ጮቄ ተዳፋት የቀረበ ሂስ)

ስለ መሬት ካሳ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የመጠኑ ነገር ነው፤ ይኸውም ለተነሺው ገበሬ ስንት ብር ይገባዋል የሚለው ነው። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ከመጠኑ የሚቀድመውን ጥያቄ ነው። መሬቱ ሳይወሰድበት አጠቃቀሙ ብቻ የተከለከለበት ገበሬ ካሳ ሊጠይቅ ይችላልን? ካሳው ከቀረስ ከክልከላው ነፃ የሚወጣበት የታወቀ መንገድ አለውን?

ለምርመራችን የመረጥነው ስፍራ ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን ያለውን የጮቄን ተራራ ነው። ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ወደ ዓባይ የሚወርዱ ብዙ ወንዞች የሚመነጩበት ስፍራ ነው። በሰናንና በቢቡኝ ወረዳዎች የሚኖረው ገበሬ በተዳፋቱ ላይ ገብስና ድንች ያመርታል፤ አፈሩም በየክረምቱ ይታጠባል። ስለዚህ የአጠቃቀም ሕግ አያስፈልግም የሚል ክርክር የለንም።

በ1997 ዓ.ም. ሁለት ዐዋጆች ተከታትለው ወጡ። ዐዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ የሚበልጥ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ብቻ እንዲሆን ደነገገ። ከ31 እስከ 60 በመቶ በሆነው ላይ ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው ጠረጴዛማ እርከን ሲሠራ ብቻ ነው አለ። ዐዋጅ ቁጥር 455 በበኩሉ መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ለሚወሰድበት ገበሬ ከንብረቱ ግምት ሌላ የ5 ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ወሰነ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1161 ይህን አሻሽሎ፣ ምትክ መሬት ላላገኘው ገበሬ ከ3ቱ ዓመታት የበለጠው ገቢ በ15 እንዲባዛ አደረገ። ይህ እርምጃ የሚመሰገን ነው።

ነገር ግን የካሳ ዐዋጆቹ ሁሉ መነሻቸው አንድ ነው፤ መሬት ሲለቀቅ። ሁለት ጥማድ የተዳፋት ማሳ ያለው ሰው የይዞታ ደብተሩ በእጁ እንዳለ «ከእንግዲህ አትረስ» ቢባል አንዳች አልተወሰደበትም ይባላል። ገብሱ ግን ቀርቶበታል። ይባስ ብሎ ዐዋጅ ቁጥር 456 መሬቱ ሲጎዳ ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን እንደሚያጣ ደንግጎ ነበር። ቅጣቱን በግልጽ ጽፎ ማካካሻውን ሳይጽፍ የቀረ ሕግ ሸክሙን ሁሉ በአንድ ወገን ትከሻ ላይ ጭኗል ብንል ያጋነንን አይመስለንም። ዐዋጁ በ2016 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል፤ ትምህርቱ ግን ከዐዋጁ ጋር መሻር የለበትም።

ከክልከላ ነፃ መውጣትስ? በተግባር አለ፤ አልተጻፈም እንጂ። በጮቄ ተዳፋት ላይ ዛሬም ይታረሳል፤ የሚያየውም እንዳላየ ያልፋል። እንዲህ ያለው ምሕረት ዘንድሮ ቢሰጥ ለከርሞ ሊነሣ የሚችል፣ ለአንዱ ተሰጥቶ ለጎረቤቱ ሊነፈግ የሚችል ነው። ያገራችን ሰው በሕግ ከሄደችው በቅሎው ይልቅ ያለ ሕግ የሄደችው ጭብጦው የምታንገበግበው ስለዚህ ነው።

ጎጃም ይህን ከታሪኩ ያውቀዋል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ ባለርስቱ የመሬትን መለካት ከርስት መነቀል ለይቶ አላየውምና ዐመፀ። ጦር ከተላከ በኋላ መንግሥት አገረ ገዢውን አንሥቶ የተጠራቀመውን የግብር ዕዳ ማረ። ምሕረቱ መጣ፤ ነገር ግን በአቤቱታ ሳይሆን በጠመንጃ መጣ። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በተደረገው የመሬት ሽግሽግ ደግሞ «ቢሮክራሲ» የተባሉ ገበሬዎች ትርፍ የተባለባቸውን መሬት ያለ ካሳ አጡ። እንዲህ ያለፈበት ገበሬ ተዳፋት ለካ የሚመጣን ባለሙያ በጥርጣሬ ቢያይ አያስገርምም።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ ገበሬው ለክልከላ ካሳ መጠየቅ አይችልም የሚሉ ይኖራሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ማድረጉ እውነት ነው። ይኸው አንቀጽ ግን ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ላደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት ይሰጠዋል። እርከኑን የካበው፣ ድንጋዩን የለቀመው ገበሬው ነው።

በሌላ በኩል «ወይ ክፈል፣ ወይ ልቀቅ» ማለት ብቻውን መድኀኒት አይደለም። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት ሕዝብ በዚያው በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ (በ2004 እ.ኤ.አ.) መንግሥት በአጠቃቀም ደንብ የመሬትን ዋጋ ቢቀንስ ካሳ እንዲከፍል፣ አለዚያ ደንቡን ለባለመሬቱ እንዲያነሣለት በድምፁ ወሰነ። ከ6000 በላይ ጥያቄዎች ቀረቡ። ለካሳው የተመደበ ገንዘብ ስላልነበረ ምላሹ በአብዛኛው ደንቡን ማንሣት ሆነ፤ ከ3 ዓመት በኋላም ሕዝቡ ራሱ በሌላ ድምፅ መብቱን አጠበበው። በጮቄ እንዲህ ቢሆን ገብሱ ለጥቂት ዓመት ይተርፍ ይሆናል፤ አፈሩ ግን ዓባይ ይገባል።

ስለዚህ በበኩላችን የምናሳስበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተዳፋቱ የተከለከለበት ገበሬ መኖና ተክሉ ምርት እስኪሰጡ ድረስ የቀረበት ሰብል በዓይነት ወይም በገንዘብ ይካካስለት፤ የዚያ ማሳ ግብርም ይነሣለት። ሁለተኛ፣ ከክልከላ ነፃ መሆን የሚፈቀድ ከሆነ በጽሑፍ፣ በታወቀ መመዘኛና በጊዜ ተወስኖ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ስለ ይዞታ መለቀቅ አቤቱታ የሚሰማው አካል ስለ ክልከላም እንዲሰማ ሥልጣን ይሰጠው። በ2016 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1336 ካሳ የመክፈሉ ኀላፊነት ወደ ክልሎች ስለ ዞረ ይህን የማሰቡ ተራ የክልሉ ነው።

ተራራውን ለመጠበቅ የሚወጣው ወጪ ከታች ላለው አገር ሁሉ ጥቅም የሚውል ነው። ወጪውን ግን እስካሁን ብቻውን የሚከፍለው ከላይ ያለው ገበሬ ነው።