ዴኩን የሚተካ ሪሲቨር

በመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ሪሲቨር ሊገዛ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ቻናል ያመጣል?» ብሎ ነው። ዲሽ እየተከልኩና ቴሌቪዥን እየጠገንኩ ስኖር ይህን ጥያቄ ያልሰማሁበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። ቻናሉ ግን ያለው ሰማይ ላይ ነው። ዲሹ አንድ ሳተላይት ላይ በደንብ ከተቃና፣ ደህና የሆነ ኤችዲ ሪሲቨር ሁሉ የሚያመጣው ያንኑ ነው። አሮጌ የቪዲዮ ዴኩን ለመተካት የሚገዛ ሰው ሌላ ጥያቄ ይዞ ቢመጣ እመርጣለሁ፤ «ይሄ ዕቃ የቀረጸውን አውጥቼ ሌላ ቤት ማሳየት እችላለሁ?»

የዴክ ትልቁ ጸጋው ይህ ነበር። ጄቪሲ ቪኤችኤስ የተባለውን የካሴት ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1976 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ካቀረበ በኋላ የአንዱ ፋብሪካ ካሴት በሌላው ፋብሪካ ዴክ ላይ ያለ ጣጣ ይሠራ ነበር። መርሐቤቴ የተቀረጸ ሠርግ የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ፣ በሙከጡሪ አድርጎ አዲስ አበባ ሲደርስ ያንኑ ዕለት ዘመድ ቤት ይታያል። የሚያስቸግረው ከአሜሪካ የሚላከው ካሴት ነበር። እኛ የምንጠቀምበት የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል የሚባለው ሲሆን የእነሱ ኤንቲኤስሲ ነበር፤ ስለዚህ ምስሉ ወይ ቀለሙን ያጣል ወይ ይንከባለላል። ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ያለው ሰው በሰፈሩ የሚፈለግ ሰው ነበር።

ያ ዘመን በፋብሪካ ደረጃ ተዘግቷል። ዴክ ይሠራ የነበረው የመጨረሻው ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ማምረቱን አቆመ። ከዚያ ወዲህ ካሴቱን የሚያነበው ሄድ ሲበላሽ ወይም ቀበቶው ሲላላ መለዋወጫው የሚገኘው ከሌላ የሞተ ዴክ ሆድ ውስጥ ነው።

እኛ ዘንድ ብዙ ቤት ሪሲቨሩን የለወጠው በኢትዮሳት ምክንያት ነው። የአገራችን ጣቢያዎች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በምሥራቅ 57 ዲግሪ ወዳለው ሳተላይት ሲዛወሩ ዲሹ ሁሉ ፊቱን አዞረ። ለናይልሳት ወደ ምዕራብ፣ ዝቅ ብሎ ያይ የነበረው አሁን ወደ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ መሐል፣ በጣም ቀና ብሎ ያያል። ከዓለም ከተማ ሆኖ ሲታይ ሳተላይቱ ከአድማስ 66 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። በመንዝ በኩል ያለው ጋራ አይከልለውም፣ ግቢ ውስጥ ያለ የባሕር ዛፍ ግን ሊከልል ይችላልና ቦታ ስትመርጡ ወደ ላይ እዩ። የዲሹን ነገር በዚሁ እተወዋለሁ፤ የሚያሳስበኝ ቀረጻው ነው።

ካርቶኑ ላይ «ፒቪአር» የሚል ጽሑፍ ስላለ ብቻ ገዢው ዕቃው ይቀርጻል ብሎ ይሄዳል። አብዛኞቹ ግን ውስጣቸው ማስቀመጫ የላቸውም፤ የሚቀርጹት ገዢው ከኋላ ወይም ከጎን በሚሰካው ፍላሽ ላይ ነው። ስለዚህ ፍላሹም የዕቃው አካል ነውና ርካሹን አትፈልጉ። ዘገምተኛ ፍላሽ ምስሉን ይቆራርጠዋል። ሀርድ ዲስክ የሚሰካ ሰው ደግሞ የሪሲቨሩ አዳፕተር ኃይሉን ይችለው እንደሆነ ያረጋግጥ፤ ዲስኩ ጭር ጭር እያለ መነሣት ካቃተው አልቻለውም ማለት ነው።

መጠኑን በግምት ልንገራችሁ። ተራ ጥራት ያለው ቻናል በሰዓት 1 ጊጋባይት አካባቢ ይወስዳል፤ ኤችዲ ከሆነ ከ2 እስከ 4 ሊደርስ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር አለ። ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው ፎርማት ከተዘጋጀ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም። ደህና ሪሲቨር እዚያ ሲደርስ ሁለተኛ ፋይል ከፍቶ ይቀጥላል። ደካማው ጸጥ ብሎ ያቆማል፤ ሰውየው የሁለት ሰዓት ኳስ ተቀርጾልኛል ብሎ ሲከፍተው ሁለተኛውን አጋማሽ ያጣዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የተቀረጸው ሌላ ቦታ አልከፈት ሲል ነው። አንዳንድ ሪሲቨር ፋይሉን ራሱ ብቻ በሚያውቀው መንገድ ይቆልፈዋል። ሪሲቨሩ የተቃጠለ ዕለት ቀረጻው ሁሉ አብሮት ይሄዳል፤ ለዘመድ መላክማ አይታሰብም። የምመክረው በቲኤስ ፋይል የሚያስቀምጠውን ነው። ቲኤስ ምስሉን በ188 ባይት ጥቃቅን እሽግ እየከፈለ የሚጽፍ ስለሆነ መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ እንኳ እስከዚያ ድረስ የተጻፈው ሊተርፍ ይችላል። መብራት ሳያስጠነቅቅ በሚሄድበት ከተማ ይህ ከአምስት መቶ ቻናል ይበልጣል።

ሱቅ ውስጥ የማደርገውን እናንተም አድርጉት። የራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ዕቃው እየቀረጸ ሳለ ሶኬቱን ከግድግዳው ንቀሉት። መልሳችሁ ስትሰኩት የተቀረጸው ይከፈታል? ፍላሹን አውጥታችሁ ኮምፒውተር ላይ ብትሰኩትስ? ነጋዴው ይህን አላስነካም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ሌላም ነገር አስፈትሹ፤ አንዱን ቻናል እየቀረጸ ሌላውን ያሳያል ወይ? ብዙዎቹ አንድ መቀበያ ብቻ ስላላቸው የሚያሳዩት በዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ያለውን ቻናል ብቻ ነው። ሁለት የሚወዱት ፕሮግራም በአንድ ሰዓት የሚመጣበት ቤት ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ታይመር ላይ ደግሞ የሰዓት ነገር አለ። ሪሲቨሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ቀድሞ ካልተስተካከለም ሁሉ ነገር ይዛባል። የማታ 2 ሰዓት ዜና እንዲቀረጽ የሚፈልግ ሰው 20፡00 ብሎ ይሙላ። ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የምለጥፍላቸው ቤቶች አሉ።

አንዲት እናት አዲሱን ሪሲቨር ከሰካሁላቸው በኋላ ዙሪያውን ሲያዩት ቆይተው፣ «ልጄ፣ ካሴቱን በየት በኩል ነው የምከተው?» አሉኝ። «እማማ፣ ይሄ ካሴት አይቀበልም» ስላቸው ዝም አሉ። ጥያቄያቸው ግን ሻጩ ሊነግራቸው የሚገባውን ዋና ነገር የያዘ ነው። ሪሲቨሩ ዴኩ ከነበሩት ሁለት ሥራዎች የሚተካው አንዱን ብቻ ነው። ይቀርጻል፤ የቆየውን ካሴት ግን አያሳይም። ከኋላው ያሉት ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ቀዳዳዎችም መውጫ እንጂ መግቢያ ስላልሆኑ ከዴኩ ተቀብሎ ፍላሽ ላይ ሊገለብጥ አይችልም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ካፕቸር የሚሉት ትንሽ ዕቃና አንድ ኮምፒውተር ነው። የዴኩ ሦስት ገመዶች እዚያ ላይ ይሰካሉ፤ ካሴቱ ይጫወታል፤ ኮምፒውተሩ ይቀበላል። አቋራጭ የለውም፤ ጀርባው ላይ 180 የተጻፈበት ካሴት ሙሉ ከሆነ 180 ደቂቃ ይፈጃል። ክረምት አልፎ ካሴቱ ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ዴኩ ውስጥ አትክተቱት፤ ሄዱን ያበላሻል፣ ቀጥሎ የሚገባውን ካሴትም ይበክላል። መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ያጽዳው። የተገለበጠውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ቤት፣ ሌላው ዘመድ ዘንድ። ፍላሽም ይሞታል።

እነዚያ ካሴቶች ውስጥ ያሉት ሠርጎች፣ የጥምቀት ጭፈራዎች፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሽማግሌዎች ሲመርቁ የሚሰማባቸው ድምፆች ሌላ ቅጂ የላቸውም። ስለዚህ አዲሱን ሪሲቨር ስትገዙ ዴኩን ለቆራሌው አትስጡት። ገና የሚሠራ ከሆነ በዚህ ዓመት ካሴቶቻችሁን አስገልብጡበት።