የሚቃጠለው የማን ጨርቅ ነው? (ስለ ታጎር «ቤትና ዓለም»)

የራቢንድራናት ታጎር «ቤትና ዓለም» በመጽሐፍ መልክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። ታሪኩ ግን ወደ 1905 ይመልሰናል፤ የእንግሊዝ መንግሥት ቤንጋልን ለሁለት ሲከፍላት ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ የባዕድ ዕቃ አንገዛም ወዳለበት፣ የእንግሊዝ ጨርቅ በየገበያው ወደነደደበት ጊዜ።

መጽሐፉን ፀረ ትግል የሚሉት አሉ። የሀንጋሪው ሉካች በ1922 ባወጣው ሂስ፣ ሳንዲፕ የተባለው ተናጋሪ የጋንዲ መሳለቂያ ነው እስከ ማለት ደርሷል። ይሄ እንኳ አያስኬድም፤ ጋንዲ ወደ ሕንድ የተመለሰው ገና በ1915 ነው። ታጎርም ከዳር ቆሞ ተመልካች አልነበረም። ክፍፍሉ በጸናበት ዕለት፣ ኦክቶበር 16 ቀን 1905፣ ሂንዱና ሙስሊሙ የወንድማማችነት ክር እንዲተሳሰር የጠራው እሱ ነው።

የኛ ጥያቄ ሌላ ነው። የመፈክሩን ዋጋ የከፈለው ማን ነው? ሳንዲፕ ሲናገር ሕዝቡ ይግላል፤ የባላባቱ የኒኪል ሚስት ቢማላም መጋረጃውን ገፋ አድርጋ ታየዋለች። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት እንዲሉ፣ የሚቃጠለው ግን የሳንዲፕ ልብስ አይደለም፤ የድሃው ቸርቻሪ የፓንቹ ጨርቅ ነው። እንዲሰጥም የሚደረገውም የጀልበኛው የሚርጃን ጀልባ ነው። ያገር ውስጡ ጨርቅ ውድ ነው፤ ታዲያ ድሃው ምን ይልበስ? ይህን የጠየቀ ሁሉ ያገር ጠላት ይባላል። በመጨረሻዎቹ ገጾች ሁከቱ ሲፈነዳ ምኑ ይገርማል? ጠቡ የተዘራው እኮ እዚያው ሰልፉ ላይ ነው።

እስከዚህ ታጎርን እናደንቃለን። ነገር ግን ልብ ወለዱን የሚተርኩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ቢማላ፣ ኒኪልና ሳንዲፕ። ሦስቱም የሚገናኙት በትልቁ ቤት ሳሎን ነው። ፓንቹ አንዲት ምዕራፍ እንኳ አልተሰጠውም፤ በደሉን የምንሰማው ከደጉ ባላባት አፍ ነው። ታጎር ራሱ በምሥራቅ ቤንጋል የቤተሰቡን ርስት ያስተዳድር የነበረ ሰው ነውና፣ ይህ እንዲሁ የመጣ አይመስለንም። ሳንዲፕ በሕዝብ ስም ይናገራል፤ ኒኪል ለሕዝብ ያዝናል፤ ሕዝቡ ራሱ ግን አንደበት የለውም። ደራሲው በሰልፉ ላይ ያየውን ክፍፍል በገዛ መጽሐፉ ውስጥ ደገመው ማለት ነው።

ይሁንና መጽሐፉ ይነበብ እንላለን። ስለ ሰፊው ሕዝብ ለመጻፍ ብዕር ያነሳን ሁሉ ከጉድለቱም የምንማረው አለ። እስቲ ከመካከላችሁ አንዱ የቀረውን የፓንቹን ምዕራፍ ጽፎ ለሚመጣው እትም ያምጣልን።