የረይሱ ዓይን

በግብፅ ከእስና ተነሥቶ በዳሀቢያ ወደ አስዋን ሊወጣ ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ አልጋው፣ ስለ ምግቡና ስለ ዋጋው ነው። እኔ አከራዩን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ «ጎታቿ ጀልባ በቀን ስንት ሰዓት ትሠራለች?»

ዳሀቢያ ሞተር የላትም። ስሟ ወርቅ ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ፣ ሆዷ ጠፍጣፋ፣ ቁመቷ ረዘም ያለ፣ ከፊትና ከኋላ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ የምትዘረጋ የናይል ጀልባ ናት። ነፋስ ሲጠፋ አንዲት ትንሽ ባለ ሞተር ጀልባ ከፊት ሆና በገመድ ትጎትታታለች። ይህ ነውር የለበትም። ነውሩ ነፋስ እያለ መጎተት ነው። የየቀኑ ሰዓት አስቀድሞ በወረቀት ላይ ተቆርጦ ከሆነ ረይሱ (የጀልባዋን አዛዥ እንዲህ ነው የሚሉት) ነፋስ ሊጠብቅ አይችልም፤ ሸራውም ለፎቶግራፍ ያህል ወጥቶ ይወርዳል። እንዲህ ያለው ጉዞ ጥሩ እራት ሊኖረው ይችላል፤ በዳሀቢያ መሄድ ግን አልለውም። «እንደ ነፋሱ ነው፤ ኤድፉ ማታም ልንደርስ እንችላለን፣ በማግስቱም» የሚል አከራይ ካገኛችሁ ከእርሱ ጋር ተስማሙ።

ይህን ያህል ስለ ሸራ የምሟገተው ምክንያት አለኝ። ናይል ከደቡብ ወደ ሰሜን ይወርዳል፤ በሸለቆው የሚያዘወትረው ነፋስ ደግሞ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል። ወንዙ ያወርዳል፣ ነፋሱ ያወጣል። የጥንት ግብፃውያን ይህን በጽሕፈታቸው ሳይቀር አኑረውታል፤ ወደ ደቡብ መጓዝን ሲጽፉ ሸራዋን የዘረጋች ጀልባ ይሥላሉ፣ ወደ ሰሜን ሲሆን ሸራዋ የወረደ። እንግሊዛዊቷ ጸሐፊ አሚሊያ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. ከ1873 እስከ 1874 በዳሀቢያ በተጓዘችበት ዘመን የነበረው የመንገደኞች ልማድም ከዚሁ የመጣ ነው፦ ነፋስ እያለ ሳይቆሙ መውጣት፣ ቤተ መቅደሶቹን ሲመለሱ ማየት። በመልሱ ትልቁ ሸራ ከነተሸካሚው እንጨት ይወርድና መቅዘፊያ ይወጣል። ዛሬ ያንን ያህል ወራት ያለው መንገደኛ ጥቂት ነው፤ የወንዙና የነፋሱ ነገር ግን እንደዚያው ነው።

እንግዲህ ከተሳፈራችሁ በኋላ ትራሱንና ጥላውን ለአንድ ሰዓት ተዉትና ፈቃድ ጠይቃችሁ ከኋላ፣ ከመሪው አጠገብ ተቀመጡ። ረይሱን ተመልከቱ። ጎበዙ ረይስ ሸራውን አልፎ አልፎ ነው የሚያየው፤ ዓይኑ ከፊቱ ያለው ውኃ ላይና ዳር ያሉት ዛፎች ላይ ይውላል። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጀልባችን ቀስ ብላ እየወጣች ሳለ፣ ረይሳችን ወደ ኋላ ዞሮ ሩቅ ያሉትን የቴምር ዛፎች አየ። እኔም አየሁ፤ ምንም አልታየኝም። አንዲት ቃል ተናገረ፤ ሁለት ልጆች ተነሥተው የትልቁን ሸራ ገመድ ላላ አደረጉ። የቴምሮቹ ጫፍ ሲጎነበስ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ነፋሱም መጣ፣ ጀልባዋ ትንሽ ዘንበል ብላ ተነሣች፣ በጠረጴዛው ላይ የነበረው የሻይ ብርጭቆ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ያን ብርጭቆ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ነፋሱ ከደረሰ በኋላ የሚጮህ፣ ልጆቹን የሚያሯሩጥ ረይስም አይቻለሁ፤ እንግዳው ግርግሩን እንደ ጀግንነት ቆጥሮ ያጨበጭባል። በጥሩ ጀልባ ላይ ትእዛዝ አጭር ነው፣ ድምፅም ዝቅተኛ ነው።

ጆሮም ይረዳል። በደንብ የተያዘ ሸራ ዝም ይላል፤ ጠርዙ የሚርገበገብ ከሆነ ገመዱ ወይ ላልቷል ወይ ጀልባዋ አቅጣጫ ስታለች። ለአፍታ ቢርገበገብ ምንም አይደለም። ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲርገበገብ ማንም ካልተነሣ ግን ልብ በሉ።

ውኃውን ማንበብ ሌላው ትልቅ ሙያ ነው። በክረምታቸው፣ ማለትም በብርዱ ወራት፣ ከአስዋን ግድብ የሚለቀቀው ውኃ ሲቀንስ፣ አሸዋው ወደ ላይ ይቀርባል። ጥልቁ ውኃ አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ይሄዳል፤ አሸዋ ከሥሩ ያለው ያለ ነፋስ ይሸበሸባል ወይም ቀለሙ ይነጣል። ጥሩ ረይስ ዓሣ አጥማጆቹን አልፎ አይሄድም፤ ሰላምታ ይሰጣቸዋል፣ ትናንት ውኃው የት እንደነበረ ይጠይቃቸዋል። አሸዋ ላይ መቀመጥ ራሱ ጥፋት አይደለም፤ የማይቀመጥ ረይስ የለም። እንዴት እንደሚነሡ እዩ፦ ሸራው ቶሎ ይወርዳል፣ ረጃጅም እንጨቶች ይወጣሉ፣ በትዕግሥት ይገፋሉ፣ ማንም ማንንም አይወቅስም።

ስለ ማደሪያ። ትልልቆቹ የመርከብ ሆቴሎች ከተማ ዳር ጎን ለጎን ተደርድረው ያድራሉ፤ መስኮታችሁ የሌላው መስኮት ላይ ይከፈታል፣ የጄኔሬተሩም ጭስ ይገባል። ዳሀቢያ ብዙ ውኃ ስለማትፈልግ ደሴት ዳር፣ እርሻ ዳር መታሰር ትችላለች። ይህን ዕድል ሳይጠቀም ከተማ ዳር የሚያሳድር ሰው ሥራውን አያውቅም፣ ወይም አይወደውም። ካስማው የሚተከለው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ የእናንተም ጀልባ ጄኔሬተር መጥፋት አለበት። ሌሊት የሚሰማው የዳር ውሻና የውኃው ድምፅ ብቻ ከሆነ ተሳክቷል።

ምግቡን በሁለት ነገር እመዝነዋለሁ፤ በዳቦውና በዓሣው። በደቡብ ግብፅ ሊጡ ፀሐይ ላይ ኩፍ ብሎ የሚጋገር ወፍራም ዳቦ አለ። ይህ ዳቦ ከዳር መንደር ተገዝቶ፣ ዓሣው ከጠዋቱ አጥማጅ ተወስዶ ከቀረበ ሌላው ሁሉ ደኅና ነው።

የሚቆሙባቸው ቦታዎችም ብዙ ይናገራሉ። ኤድፉና ኮም ኦምቦ ሁሉም ይቆማል። ኤል ካብና ገበል ኤል ሲልሲላ ግን የትንንሽ ጀልባዎች ዕድል ናቸው፤ ትልልቆቹ አልፈዋቸው ይሄዳሉ። ሲልሲላ ላይ ወንዙ በሁለት የአሸዋ ድንጋይ ገደል መካከል ይጠባል። ለካርናክ ቤተ መቅደስ የሚሆን ድንጋይ የተፈለጠው እዚህ ነው፤ የመሮው ምልክት ግድግዳው ላይ ተደርድሮ ይታያል። በምዕራቡ ዳር ቀዳማዊ ሴቲ፣ ዳግማዊ ራምሴስና መርነፕታህ ለወንዙ ሙላት ያስቀረጿቸው የድንጋይ መቅደሶች አሉ። ያ ሙላት የእኛ ክረምት ነበር። በሐምሌና በነሐሴ በደጋችን የሚወርደው ዝናብ አፈሩን ይዞ በዓባይና በተከዜ ይወርድና በመስከረም መባቻ ገደማ አስዋን ላይ ከፍታውን ያገኝ ነበር። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ደለሉ ናስር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ሲልሲላ ላይ ሃያ ደቂቃ ብቻ የሚሰጥ አስጎብኚ ከገጠማችሁ እንቢ በሉ፤ እኔ ግማሽ ቀን ሰጥቼውም አልጠገብኩም።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከደቡብ የሚመጣ ኻምሲን የሚሉት ትኩስና አቧራማ ነፋስ አለ። በዚያ ጊዜ ሸራ ወደ ላይ አያወጣም። በእነዚያ ወራት ስትጠይቁት «ኻምሲን ከመጣ እንጎተታለን፣ ወይም ታስረን እንጠብቃለን» ብሎ ሳይደብቅ የሚነግራችሁን አከራይ አክብሩት።

የመጨረሻውን የምመለከተው ሸራው ሲጠቀለል ነው። አመሻሹ ላይ ነፋሱ ይደክማል፤ ረይሱ ጀልባዋን ወደ ዳር ያዞራታል። ልጆቹ በባዶ እግራቸው ሸራ ተሸካሚው ረጅም እንጨት ላይ ይወጣሉ፤ ታናሹ ጫፉ ድረስ ይሄዳል። ከላይ ወደ ታች እየጠቀለሉ፣ በየክንዱ ርቀት እያሰሩ ይወርዳሉ። ቋጠሮው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ነገ ጠዋት በአንድ ስበት የሚፈታ። ረይሱ መሪውን ሳይለቅ ቀና ብሎ እያንዳንዱን ቋጠሮ ይቆጥራል፤ ታናሹ ልጅ ወለሉን እስኪረግጥ ድረስ ሻዩን አይቀበልም።