ዝንጋታና ቸልተኝነት

አንድ የመዝገብ ቤት ጸሓፊ በቀኑ መላክ የነበረበትን ደብዳቤ ሳይልክ ቀረ እንበል። አለቃው «በቸልተኝነት» ብሎ ቢጽፍበትና «በዝንጋታ» ብሎ ቢጽፍለት አንድ ነውን? እኛ አንድ አይደለም እንላለን።

ቸል ማለት አይቶ እንዳላዩ መሆን ነው፤ ቸል ያለ ሰው ነገሩን ዐውቆታል፥ ዳሩ ግን ከቁም ነገር አልቈጠረውም። መዘንጋት ከግእዙ «ዘንግዐ» ጋራ የሚዛመድ ሲሆን ነገሩ ከልብ መውጣቱን ይናገራል። የዘነጋ ሰው ሲያስታውሱት ይደነግጣል፤ ቸል ያለው ምክንያት ይፈልጋል።

የሕግ ቋንቋ ከዚህ ይሰፋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 59 ቸልተኛ የሚለው፥ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ አይደርስም ብሎ የገመተውን ብቻ ሳይሆን፥ ማወቅ ሲገባውና ሲችል ያላወቀውንም ጭምር ነው። ዳኛ ይህ ስፋት ያስፈልገዋል፤ ነጂው መንገዱን ባያስተውልም የተገጨው ሰው ያው ተገጭቷልና። የቢሮ ሰው ግን ቃሉን ከሕጉ ተውሶ በሠራተኛ ማኅደር ሲያስገባው፥ አንባቢው የሚረዳው በገበያው ትርጕም ነው። ሠራተኛው ለዕድገት በታሰበ ጊዜ ማኅደሩ ቢገለጥ፥ የሚታየው ዐውቆ የተወ ሰው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረን «ተዘንግቷል» የሚለው ነው። ማን ዘነጋ? ደብዳቤው ራሱን አልዘነጋም። አለቃ ሲያጠፋ «ተዘንግቷል»፥ ታናሽ ሲያጠፋ «በቸልተኝነትህ» ሲባል በብዙ ወረቀት ላይ አንብበናል፤ እኛም እንዲሁ ጽፈናል።