መግጠምና መሻል፤ የስፖርት መኪና የኋላ ክንድ በቮልስ ላይ

በአገራችን በአጭሩ ቮልስ እየተባለ የሚጠራው፣ ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በአየር የሚቀዘቅዘው ትንሽ አውቶሞቢል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዛት መሠራት ጀምሮ እስከ ሐምሌ 2003 ድረስ ቆይቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የመጨረሻው በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ፋብሪካ ሲወጣ ጠቅላላ ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ዛሬም ሲሄድ ይታያል። በውጭ አገር ያሉ የዚህ መኪና ወዳጆች አንድ ሥራ ያዘወትራሉ፤ ይኸውም ፖርሽ 944 ከሚባለው የስፖርት መኪና የኋላ ክንዶቹንና ፍሬኖቹን ፈትቶ በቮልስ ላይ ማሰር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሥራ መመዘን ሲሆን፣ ሚዛኑም የወላይታ ሶዶ መንገድ ነው።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ የበሽታው እውነተኛነት ነው። በቀድሞው ቮልስ ላይ የኋላ ጎማዎች የሚዞሩባቸው ሁለቱ ግማሽ አክስሎች የሚታጠፉት ካምቢዮው አጠገብ ብቻ ነው። ጎማው ዘንድ ሌላ መታጠፊያ የለም። ስለዚህ የመኪናው ጀርባ ከፍ ባለ ቁጥር ጎማዎቹ ከታች ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ዝቅ ባለ ቁጥር ደግሞ ከታች ወደ ውጭ ይከፈታሉ። ነጂው በፍጥነት ወደ ኩርባ ገብቶ መሐል ላይ ነዳጁን ድንገት ቢለቅ ወይም ፍሬን ቢይዝ፣ ጀርባው ይነሣል፤ በውጭ በኩል ያለው ጎማም ወደ መኪናው ሥር ታጥፎ መሬቱን በጠርዙ ብቻ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ጀርባው ይንሸራተታል፣ አንዳንድ ጊዜም መኪናው ይገለበጣል።

ይህ ነገር የእኛን አገር ነጂ በተለየ መንገድ ይነካዋል። ከዳሞታ ተራራ ሥር ያሉትን የቀይ አፈር መንገዶች ለማለፍ ሲባል የመኪናውን ጀርባ ከፍ ማድረግ ብልኀት መስሎ ይታያል። ማድረጉም ቀላል ነው፤ ምክንያቱም ቮልስ የኋላ ባሌስትራም ሆነ ጥቅል ሞላ የለውም። ሸክሙን የሚሸከመው ቶርሽን ባር የሚባለው፣ በመጠምዘዝ የሚሠራ ዘንግ ነው። የዘንጉ ውስጠኛ ጫፍ 40 ጥርስ፣ ውጫዊው ጫፍ 44 ጥርስ አለው። ውስጡን በአንድ ጥርስ ማዞር 9 ዲግሪ ሲሰጥ፣ ውጩን በአንድ ጥርስ ወደ ኋላ መመለስ ከ8 ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ ይቀንሳል፤ ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ነው። በዚህ ዘዴ ቁመቱን በጣም በጥቂቱ ማስተካከል ይቻላል። ነገር ግን ከመጠን በላይ ከፍ የተደረገ ቮልስ ገና ቆሞ ሳለ ጎማዎቹ ከታች ወደ ውስጥ ተሰብስበዋል፤ ማለትም አደጋው ወደሚጀምርበት አቋም ቀርቧል። ያው መኪና ባዶውን ከሶዶ ከ2000 ሜትር ግድም ከፍታ ተነሥቶ በሁምቦ በኩል 1200 ሜትር ወደማይሞላው ወደ ዐባያ ሐይቅ ዳር ሲወርድ፣ ለጭቃው የተደረገለት መልካም ነገር በአስፋልቱ ኩርባ ላይ ጠላት ይሆንበታል። እንግዲህ መድኃኒት ያስፈልጋል የሚሉት ሰዎች እውነት አላቸው።

ጥያቄው ግን መድኃኒቱ የማን ነው የሚለው ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የክንዱን ትውልድ ብንመረምር ነገሩ ይገለጣል። የቮልስ ፋብሪካ ራሱ ይህን ጉድለት ያውቅ ነበር። በ1966 አጋማሽ በወጡት ላይ ጀርባው በኩርባ እንዳይነሣ የሚረዳ ተጨማሪ ዘንግ አገባ። በ1967 አጋማሽ ደግሞ በከፊል አውቶማቲክ ካምቢዮ በተሠሩት ላይ አዲስ አሠራር አመጣ፤ እያንዳንዱ ግማሽ አክስል በሁለቱም ጫፍ እንዲታጠፍ ሆነ፣ ጎማውንም ከሻሲው ጋር በሰያፍ የታሰረ ክንድ ያዘው። ወደ አሜሪካ የሚላኩት ከ1969 ሞዴል ጀምሮ፣ 1302 የተባለውም በ1970 ሲወጣ ይህን አሠራር ያዙ። ርካሾቹ ዓይነቶች ግን፣ የሜክሲኮዎቹም ጭምር፣ እስከ መጨረሻው በአሮጌው አክስል ቆዩ።

በ1976 ፖርሽ 924 ሲወጣ የኋላ ክንዱና ቶርሽን ባሩ ከዚሁ ከቮልስ አሠራር የተወሰደ ነበር። 944 በ1982 ተከተለው፤ ከ1985 ጀምሮም የብረቱ ክንድ በአሉሚኒየም ተተካ። እንግዲህ የስፖርቱ መኪና ክንድ በቮልስ ላይ ልክ የሚገባው የልጅ ልጅ ወደ አያቱ ቤት ስለ ተመለሰ ነው፤ ከተአምር የሚቈጠር ነገር የለበትም።

የዚህ ሥራ አድናቂዎች ዋና ስሕተት ከዚህ ላይ ይመስለኛል። በአሮጌው አክስል ሲነዱ የኖሩ ሰዎች ፖርሹን ክንድ አስገብተው መኪናው በኩርባ ላይ ሲረጋ ያዩና ምስጋናውን ለፖርሽ ይሰጣሉ። ነገር ግን መኪናውን ያረጋው ሁለተኛው መታጠፊያ ነው፤ እርሱም በ1967 የወጣ የቮልስ የራሱ ሥራ ነው። ትክክለኛው ንጽጽር መሆን ያለበት በአሮጌው ቮልስና በፖርሽ መካከል ሳይሆን በአዲሱ የቮልስ ክንድና በፖርሽ ክንድ መካከል ነው። እንዲህ ሲመዘን ለስፖርቱ ክንድ የሚቀሩለት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የአሉሚኒየሙ ቅለት፣ የጎማዎቹ መራራቅና የዲስክ ፍሬኑ። ሦስቱንም በየተራ እንያቸው።

አሉሚኒየም ቀላል ስለ ሆነ ጎማው ጉድጓድን ተከትሎ ቶሎ እንዲወርድና እንዲወጣ ይረዳል፤ ይህ ሐቅ ነው። ነገር ግን በቅርጽ የፈሰሰ አሉሚኒየም ብርቱ ምት ሲያገኘው ከመጣመም ይልቅ ይሰነጠቃል። የተጣመመ ብረት ጎማውን አንጋዶ ለዓይን ይታያል፤ ቀጭን ስንጥቅ ግን በአፈርና በቅባት ተሸፍኖ ይቆያል። ከዚህም በላይ ብረት የሚበይድ በየከተማው ሲኖር፣ አሉሚኒየምን በሚገባ የሚበይድ በቀላሉ አይገኝም።

የጎማዎቹ መራራቅ መኪናውን ያረጋዋል። ነገር ግን ከጭቃ መከላከያው እንዳይወጡ ሌላ ዓይነት ቸርኬ ይፈልጋል። የ944 ቸርኬ በ130 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ በ5 ቡሎን ይታሰራል፤ የቀድሞው ቮልስ በ205 ሚሊ ሜትር ክብ በ5 ቡሎን፣ የኋለኛው ደግሞ በ130 ሚሊ ሜትር በ4 ቡሎን ነው። ስለዚህ የፊቱም አብሮ ካልተለወጠ፣ የፊቱ ቸርኬ ለኋላ፣ የኋላውም ለፊት አይሆንም። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ ሰው አንድ ትርፍ ጎማ ይዞ፣ የሚፈነዳው የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ ሊያውቅ ነውን?

ሦስተኛው የዲስክ ፍሬኑ ነው። ብዙዎች ከሁሉ አብልጠው የሚያመሰግኑት ይህን ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚያሰጋኝ ይኸው ነው። መኪና ቁልቁል ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላ ጎማዎች ይቀላቸዋል። ፊተኛው ታምቡር እንዳለ ቀርቶ፣ ክብደቱ ወደ 1200 ኪሎ ለሚጠጋና የሞተሩ ጉልበት 163 ፈረስ ለነበረ መኪና የተሠራ ፍሬን ከኋላ ቢገባ፣ የኋላው ከፊቱ ቀድሞ ይነክሳል። ከኋላ ጎማው የተነከሰ መኪና ደግሞ ጀርባው ፊቱን ሊቀድም ይሽቀዳደማል። እንግዲህ በሁምቦ ቁልቁለት ላይ ያደነው ነገር ምንድን ነው? ፍሬን መለወጥ የፈለገ ሰው ከፊት መጀመር አለበት።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ብየዳው አለ። በአሮጌው አክስል ለተሠራ ቮልስ ክንዱ በቡሎን ብቻ አይታሰርም፤ የሻሲው ጀርባ ተቈርጦ ክንዱ የሚያርፍበት ማሰሪያ መበየድ አለበት፣ ካምቢዮውም በሌላ መለወጥ አለበት። ማሰሪያው በልክ ካልተቀመጠ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ወደ አንድ አቅጣጫ አይመለከቱም። ነጂው የሚያውቀውም ጎማው በአጭር ጊዜ ሲበላ ነው። ሥራውም ከተሠራ በኋላ መኪናው ከሦስት ዓይነት መኪና የተለቃቀመ ስለሚሆን፣ ኩሽኔታ ሲያልቅ መለዋወጫውን ለመጠየቅ እንኳ የመኪናው ስም አይበቃም።

ለሥራው የሚገባውን ምስጋና ግን መንፈግ አይገባም። ሞተሩን ያሳደገ፣ ፊተኛውን ፍሬን በዲስክ የለወጠ፣ ቸርኬዎቹን አራቱንም ያስማማ፣ ሁልጊዜም በደኅና አስፋልት የሚሄድ ሰው ከዚህ ክንድ ይጠቀማል፤ ሥራውም በሚገባ ከተሠራ የሚያኮራ ነው። 34 ወይም 40 ፈረስ ጉልበት ይዞ፣ ከዚያም በሶዶ ከፍታ ላይ በአየሩ መሳሳት ከአምስት አንዱን ያህል ለሚያጣ ቮልስ ግን፣ የተገዛው ነገር ስም ነው።

እንደ እኔ አስተያየት የሚሻለው ቅደም ተከተል ይህ ነው። አንደኛ፣ የቶርሽን ባሩ ጥርስ በፋብሪካው ልክ ተመልሶ ጀርባው ከሚገባው በላይ እንዳይነሣ ማድረግ። ሁለተኛ፣ የኋላ ጎማዎችን አየር ከፊተኞቹ አብልጦ መሙላት፣ ያረጀውንም ሾክ አብዞርበር መለወጥ። ሦስተኛ፣ አሮጌው አክስል እንዳለ ሆኖ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፉ የሚይዘውን ተጨማሪ ዘንግ ማግባት። አራተኛ፣ ይህ ሁሉ ካልበቃ ሁለት መታጠፊያ ያለውን የቮልስን የራሱን ክንድ ከነካምቢዮው መፈለግ። ፖርሹ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይታሰብበት።

ይህን ማጥበቄ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ቮልስም ከፋብሪካ መውጣቱን ካቆመ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ አንድ ሻሲ ያለ ልክ በተቈረጠ ቁጥር የሚተካው አይገኝም፤ ከእርሱም ጋር ቁልቁለቱን የሚወርዱ ሰዎች አሉ። የዚህን ዓይነት ሥራ የሚገልጹ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ክንዱ እንዴት እንደ ገባ በሰፊው ጽፈው ከዚያ ላይ ያቆማሉ። ተማሪዎችና መምህራን ግን ከዚያ አልፈን፣ መኪናው ሲጫን፣ ባዶውን ሲሄድ፣ ቁልቁል ፍሬን ሲያዝና በመንገድ ላይ ሲበላሽ ምን ይሆናል ብለን ልንጠይቅ ይገባናል። መግጠሙን ቡሎኑ ይመሰክራል፤ መሻሉን የሚመሰክረው ግን መንገዱ ነው።