ባላጋራን በራሱ አንደበት

የነገረ ሃይማኖት ታሪክ ሳስተምር ስለ ጉባኤ ኤፌሶን የምሰጠው የመጀመሪያ የቤት ሥራ ሁልጊዜ አንድ ነው። ጉባኤው ያወገዘውን የንስጥሮስን አቋም በአንድ ገጽ ጻፉ፤ እሱ ራሱ ቢያነበው «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» ብሎ የሚፈርምበት ይሁን። «መናፍቅ» የሚለው ቃል ገጹ ላይ አይገባም።

አብዛኞቹ ተማሪዎቼ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ፣ አንዳንዶቹም በአብነት ጉባኤ ሃይማኖተ አበውንና ቄርሎስን ከነትርጓሜያቸው የሰሙ ናቸው። «መምህር፣ ለንስጥሮስ ጠበቃ ልንቆምለት ነው?» ይሉኛል። የመጀመሪያው ረቂቅ ብዙ ጊዜ «ንስጥሮስ የክርስቶስን አምላክነት ካደ» ብሎ ይጀምራል። አልካደም። እሱን ያሰጋው ሌላ ነው፤ መለኮት ተወለደ፣ መለኮት ታመመ ከተባለ አርዮሳውያን ወልድን ከአብ ለማሳነስ በር ያገኛሉ ብሎ ፈራ። «ወላዲተ አምላክ» ከማለት «ወላዲተ ክርስቶስ» ማለትን የመረጠውም ለዚህ ነው። ይህ ስጋት የገባው ተማሪ ቅዱስ ቄርሎስን ሲያነብ የመልሱ ክብደት ይታየዋል፤ ከድንግል የተወለደው ሥጋ የሆነው ቃል ራሱ ካልሆነ፣ ያዳነን ማን ነው? ጥያቄውን ሳይሰማ መልሱን ያጠና ግን ድምዳሜ እንጂ ክርክር አያውቅም።

ምርምሩም ያው ሥራ ነው። ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ እ.ኤ.አ. በ435 የንስጥሮስ መጻሕፍት እንዲቃጠሉ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ የሰውየው ድምፅ በአብዛኛው የሚሰማው ያወገዙት ሰዎች ቆርጠው ካስቀሩት ቁራጭ ነበር። ፍሪድሪኽ ሎፍስ ቁርጥራጮቹን በ1905 አሰባስቦ አሳተመ፤ በ1910 ደግሞ ፖል ቤጃን ንስጥሮስ በስደት ሳለ የጻፈውን መከላከያ በሱርስት ትርጉሙ አወጣው። ከፊሉ የሌላ ሰው እጅ አለበት የሚሉ ሊቃውንት ስላሉ፣ እሱም ቢሆን በጥንቃቄ ይነበባል።

እሳቱ ወገን አልመረጠም። የእኛ ቅዱስ የሳዊሮስ ዘአንጾኪያ ድርሳናትም በ536 በዮስጢንያኖስ አዋጅ እንዲቃጠሉ ተፈርዶባቸው፣ የግሪኩ አብዛኛው ጠፍቶ በሱርስት ተረፉ። ስለዚህ በማነበው ጥቅስ ሁሉ ላይ እጠይቃለሁ፤ ማን ቆረጠው? ከየት? ለማን ብሎ? ለግእዙም ያው ነው። መጽሐፈ ቄርሎስ በአክሱም ዘመን ከግሪክ በቀጥታ የተተረጎመ ነው፤ ሃይማኖተ አበው ግን ኋላ ከዐረብኛ የመጣ የምርጥ ቃላት ስብስብ ነው። አንዱ አባት በሁለት መንገድ ሲደርሰን፣ ሁለቱን ማስተያየት ግድ ይላል።

የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቀበሉና ያልተቀበሉ የኦርቶዶክስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1964 በዴንማርክ ኦርሁስ ተቀምጠው፣ አንዳቸው በሌላው ዘንድ አንዲቱን ርትዕት ሃይማኖት እንዳዩ መስክረዋል። ውይይቱ በ1971 አዲስ አበባም ደርሷል። ያም ሆኖ ንስጥሮስን ማውገዙን አልተዉም። አጥርቶ ማንበብ ሁልጊዜ አያስታርቅም። ተማሪዬም ገጹን ጨርሶ ንስጥሮስን ቢያወግዝ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። የምቀንስበት ያወገዘው ንስጥሮስ ያላለውን ከሆነ ነው።